ጀፎረውን ያስቆረጥኩት እኔ አይደለሁም

ሙዘይን የበደለኝ አስፋልቱ ወደ ከተማችን በገባበት ዓመት፣ በአረፋ ሳምንት፣ በእናቴ መንደር የጋራ ሣር ሜዳ፣ በጀፎረው ላይ ቆሞ ነው። እኔ ከንቲባ ነበርኩ፣ እሱ ምክትሌ ነበር። ለበዓል ከአዲስ አበባ የገባው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ የመንደሩ ትልቅ ሰው ሀጂ ቡሽራ «ይህን ሣር ለመንገድ ያስቆረጠው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሙዘይን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔማ ተይ ብያት ነበር። አለቃዬ ናት፤ ምን ላድርግ?» አለ።

ያስቆረጠው ራሱ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ቀን የሠራሁበት ኩባንያ ሰዎች ጋቢ አልብሰውኝ «እስቲ አንድ ነገር በይን» አሉኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሙዘይንን የሚያውቁ፣ ከሙዘይን ጋር የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ያን ቀን ያላልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ከንቲባ የነበርኩባትን ከተማ ስም አልጠራም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ከቡታጅራ ብዙ አትርቅም። የባለቤቴንና የልጆቼን ነገርም አላነሳም። የምናገረው ስለ ሥራዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በቡታጅራ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ገና በልጅነቴ፣ ትምህርቴን እንደጨረስኩ። የቦታ ልኬት ረዳት አሉኝ። ረዳት ማለት ሜትር ተሸክሞ ከኋላ መከተል ነው። ከፊት የሚሄደው አቶ ይልማ ነበር፣ የጎጃም ሰው፣ ረጅም፣ በበጋም በክረምትም ጥቁር ጃንጥላ የማይለየው። አለቃዬ ብቻ አልነበረም፤ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ስለዚህ ስለ እሱ ትንሽ ላውራ።

አቶ ይልማ ቢሮ ከመግባቱ በፊት በየጠዋቱ ከገበያው እስከ መናኸሪያው በእግሩ ይሄድ ነበር። በጃንጥላው ጫፍ የውሃ መውረጃውን ቦይ ይወጋዋል፤ ጭቃ ከያዘ የዚያን አካባቢ ሰው በስሙ ይጠራል። «ከድር! ቦይህ ታመመብህ» ይላል። ከድር ወጥቶ ይስቃል፣ ከሰዓት በኋላ ቦዩ ተጠርጎ ይገኛል። ማስታወቂያ ሲለጥፍ ወይም ቅጣት ሲጽፍ አላየሁም።

ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ሲጣሉ የሜትሩን አንድ ጫፍ ለአንዱ፣ ሌላውን ጫፍ ለሌላው ይሰጣል። እሱ መሀል ቆሞ ጃንጥላውን ይዘረጋል።

«አንብብ» ይለዋል አንዱን።

«እርስዎ ያንብቡት እንጂ ጋሼ።»

«እኔ ምን አገባኝ? መሬቱ ያንተ ነው። ጮክ ብለህ አንብብ፣ ጎረቤትህ ይስማህ።»

ሰው በገዛ አፉ ያነበበውን ቁጥር ተመልሶ ሊክደው ይቸገራል። ማዘጋጃ ቤቱ ያነበበውን ግን «ጉቦ በልተው ነው» ይላል። ይህን ዘዴ ኋላ በሌላ መልክ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ አያውቅም። ሊቀ መንበሩን ፊት አስቀምጦ እሱ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። «ዘሃራ፣ ስብሰባ የሚታወቀው ከኋላ ነው» ይለኝ ነበር። «ፊት ያሉት ሁልጊዜ ይስማማሉ። ከኋላ ያለው ምን ብሎ እንደሚወጣ ስሚ።»

ከሜትሩ ዘዴ ሌላ ሦስት ነገር አስተምሮኛል ብዬ አስባለሁ፤ ሁለቱ ጠቀሙኝ፣ አንዱ ጎዳኝ። አንደኛው ይኸው ከኋላ መቀመጡ ነው። ሁለተኛው ስለ አገሬ ሰው ነው። የጎጃም ሰው ሆኖ የእኛን ነገር ከእኛ በላይ ያስብበት ነበር። «የጉራጌ መንደር ግማሹ ነው እዚህ ያለው» አለኝ አንድ ቀን። «ግማሹ መርካቶ ነው። እዚህ የቀረውን ብቻ ጠይቀሽ በጋራ ነገር ላይ እንዳትወስኚ። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ እስላሙ ለአረፋ ይመጣል። እስኪመጣ ጠብቂ።» የጎዳኝን ሦስተኛውን ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ያን ጊዜ የእኛ አገር ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀው ወልቂጤ ነበር። ተራራውን ዞሮ መሄዱ ራሱ አንድ ቀን ይበላል። ደመወዙ ትንሽ ከፍ አለ፣ የቤት ኪራዩ ደግሞ በልጦ ከፍ አለ። ከዚያ በላይ ስለ ደመወዝ የምለው የለኝም።

የወልቂጤው አለቃዬ አሁን በሕይወት ስለሌለ ስሙን አላነሳም፣ ያደረገውን ግን አልረሳሁትም። አማርኛዬ የመስቃን ጉራጌ አማርኛ ነው። ስብሰባ ላይ ሪፖርት ሳቀርብ አነጋገሬን እያስመሰለ ሰው ያስቅ ነበር። አንድ ቀን ሪፖርቱን አቁሜ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ በአንድ ቋንቋ ያሾፉብኛል፤ እኔ በሦስት ቋንቋ እየሰማሁዎት ነው» አልኩት። ሰው ሳቀ። በዚያ ዓመት የደረጃ ዕድገቴ ቀረ። በቀጣዩ ዓመትም ቀረ።

ከወልቂጤ ሥራዬ ለራሴ የማስቀምጠው በቸሃ በኩል የነበረውን የምንጭ ነገር ነው። ምንጭ ታጥሮ፣ ቧንቧ ተስቦ፣ ቦኖ ተሠርቶ፣ ሴቶቹ ግን አሁንም ታች ወንዝ ይወርዳሉ። ባለሙያ ሄዶ «ግንዛቤ ይጎድላቸዋል» ብሎ ተመለሰ። እኔ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር እንስራ ተሸክሜ ወንዝ ወረድኩ። አንዷ እየሳቀች ነገረችኝ፦ «ቦኖውን የተከሉት ወንዶቹ ከሚቀመጡበት ዛፍ ፊት ለፊት ነው። አማቴ እዚያ ይውላል። በአማቴ ፊት ጎንበስ ብዬ ውሃ ልቅዳ?» ቦኖው ከቤቶቹ ጀርባ ዞረ። ወንዝ መውረዱ ቀረ። ግንዛቤ የጎደለው ማን እንደነበር በሪፖርቱ ላይ አልጻፍኩም፤ የዚያ ዓመት ዕድገት እንዳይቀርብኝ ነው። እሱም ቀረብኝ።

ከዚያ ነው ከንቲባ ሆነሽ ሂጂ የተባልኩት። ትንሽ ከተማ ነች። አንድ ዋና መንገድ፣ የበርበሬና የእህል ገበያ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ክሊኒክ። ጋሪ ከመኪና ይበዛባታል። የእናቴ መንደር ከከተማዋ ጫፍ ጋር የተያያዘ ነው። ሴት ከንቲባ ሲሉ ብዙው ሰው ለሥዕል ነው ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ቦይ አስጠረግሁ፤ ገበያው መሀል ይቆም የነበረው ጭቃ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ለሥዕል ነው ያለኝ የለም።

ሙዘይን ምክትሌ ሆኖ መጣ። ሐቁን ልናገር፣ ቀልጣፋ ሰው ነው። የሰው ስም አይረሳም፤ ከወጣቱ ጋር እንደ ወጣት፣ ከሽማግሌው ጋር እንደ ሽማግሌ ይጫወታል። እኔ ሰው እስክለምድ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ እሱ ሲገባ ቤቱ ይሞቃል። ስለዚህ ወደደኝ መሰለኝ። ወደድኩትም።

የአስፋልቱ ሥራ ሲመጣ ተቋራጩ አንድ ደግነት አደረገልን። ግሬደሩ እዚያው እያለ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው የሚያስገባ መንገድ በነጻ ልክፈትላችሁ አለ። አጭሩ መስመር በእናቴ መንደር ጀፎረ ላይ ያልፋል።

ጀፎረ ለማያውቅ ሰው፦ በመንደሩ መሀል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሠራሉ። ሠርጉም ለቅሶውም ሸንጎውም እዚያ ነው። ከብት ያልፍበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ግን ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም። አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው አጥሩ ይነቀላል። የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነው፤ መርካቶ ሱቅ ያለው የመንደሩ ልጅ ሣሩ ላይ እዚያው ካለው እኩል ድምፅ አለው።

ሙዘይን ቢሮዬ ገባ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ጨረስኩልሽ። ሦስት ሽማግሌ አነጋገርኩ፣ ሦስቱም እሺ ብለዋል።»

«አረፋ ይምጣ።»

«አረፋ ሲመጣ ግሬደሩ የለም።»

«ግሬደሩ ይሂድ።»

«ነጻ እኮ ነው እትዬ! ነጻ መንገድ!»

«ሙዘይን፣ አረፋ ይምጣ አልኩህ። ባለቤቶቹ መርካቶ ናቸው።»

«እሺ» አለ። ይህን «እሺ» በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ለበጀት ስብሰባ ወልቂጤ ሄድኩ። ውክልናውን ለእሱ ሰጠሁ፤ ምክትል ነዋ።

ስመለስ ከሚኒባሱ ሳልወርድ ነው ያየሁት። የጀፎረው ላይኛው ግማሽ ቀይ አፈር ሆኗል። ዳር የነበሩት ዝግባዎች ተጋድመዋል፣ ልጆች ቅርንጫፋቸው ላይ ይዘላሉ። ሙዘይን አስፋልቱ ዳር ጠበቀኝ። «ተገላገልን እትዬ!» አለ እየሳቀ። ቢሮ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ያልኩትን አልጽፈውም፣ ግን ሲወጣ አልሳቀም።

አሁን ነው ሦስተኛው የአቶ ይልማ ትምህርት። «የበታችሽን ጥፋት ቢሮ ውስጥ ንገሪው» ይል ነበር። «ከበሩ ስትወጪ ግን ጥፋቱ ያንቺ ነው። አለቃ ማለት እሱ ነው።» እኔም በማግሥቱ የመንደሩን ሰው ሰብስቤ «አስተዳደሩ ያደረገው ነው፤ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አልኩ። ሙዘይን አጠገቤ ቆሞ ነበር። የታችኛው ግማሽ እንደማይነካ ቃል ገባሁ፤ ግሬደሩንም በዚያው ቀን አስወጣሁት። «በሠራሽባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ቀን ያለ ስህተት የለሽም» የሚሉኝ አሉ። እኔ ስህተት አልለውም። ለማይገባው ሰው የተደረገ ነገር ነው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ሣር ውሃ ያቆማል፣ ይጠጣል፤ ግሬደር የላጠው አፈር ግን ውሃውን ይለቀዋል። የመጀመሪያው ዝናብ አዲሱን መንገድ ቦይ አደረገው። ውሃው ገንፍሎ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት፣ የራዲያ፣ ጓሮ ውስጥ ገባ። እንሰቷን ደለል አለበሰው። የማዘጋጃ ቤቱን ሠራተኛ በሙሉ ይዤ ወጣሁ፤ ድንጋይ ደረደርን፣ በጆንያ አፈር ሞልተን ከለልን፣ አቅጣጫ ማስቀየሪያ ቦይ ቆፈርን። ቦይ እንደምችል ይታወቃል። ይህኛውን አልቻልኩትም። ሁለተኛው ዝናብ ድንጋዩንም ጆንያውንም ይዞት ወረደ፣ ቤቷንም ጎኑን አፈረሰው። ራዲያ ጭቃው ውስጥ ቆማ፣ ሳትጮህ፣ «ዘሃራ፣ ከተማ ስትማሪ የላኩልሽ ቆጮ የዚህ እንሰት ነው» አለችኝ። ከዚያ በላይ የነገረችኝ የለም። ቤቷን ከአስተዳደሩ አሠራንላት። እንሰት ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፣ አስተዳደር አይሠራውም።

አረፋ መጣ። መርካቶ ያሉት ገቡ። ከአውቶቡስ ወርደው ቀይ አፈር ላይ ነው የቆሙት። ሸንጎ ተጠራ። ያኔ ነው ሀጂ ቡሽራ የጠየቁት፣ ሙዘይንም ያን ያለው።

ለምን ዝም አልሽ የሚሉኝ አሉ። እኔ «የምጠየቀው እኔ ነኝ» ብዬ በዚያው መሬት ላይ ቆሜ ተናግሬ ነበር። አሁን «እሱ ነው» ብል፣ ከንቲባዋ ያን ቀን ዋሽታናለች ይላሉ፤ ወይም ዛሬ ሲጨንቃት በልጅ ላይ አላከከች ይላሉ። የሸፈንኩበትን ልብስ እሱ ገፍፎ እኔን አከናነበኝ። 

በበዓሉ ሰሞን ወጣቶቹ ግጥም አወጡልኝ። እስካሁን የሚያውቁት አሉ፦

«ከንቲባችን ዘሃራ፣ ግሬደር ጋላቢ፣
የእናቷን ደጅ ቆርጣ ከተማ ገቢ።»

እናቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች። መስኮቷ ወደ ጀፎረው ነው። ያለችኝን አልጽፍም፤ እኔም ለእሷ እንኳ እውነቱን አልነገርኳትም።

ግምገማ ተጠራ። ሙዘይን ስለ እኔ ሲናገር «እትዬ» ማለቱን አልተወም። «እትዬ ዘሃራን አከብራታለሁ፣ ግን ሕዝብ የማዳመጥ ችግር አለባት» አለ። ከኃላፊነት ተነሳሁ። በቦታዬ እሱ ተተካ። ያን ሰሞን በገበያው ስሄድ የቦይ ነገር የሚያጫውተኝ ሰው አልነበረም።

ቤቴ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ ማውራት አልፈልግም። ኋላ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ በርበሬና ቅመማ ቅመም የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ተከፈተና የሕዝብ ግንኙነት ሥራ አስኪያጅ ፈለገ። ያስጠራኝ ዋና ሥራ አስኪያጁ ናሆም ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጥሩ የተማረ፣ ነጭ ስኒከር አድርጎ በበርበሬ አቧራ ውስጥ የሚሄድ።

«ማዘር፣ አንቺ ፕሬሱን ያዢልኝ፣ ሌላውን እኔ እጨርሳለሁ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ፕሬስ የት አለ እዚህ? እዚህ ያለው ሰው ነው። እናትህም አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ወይዘሮ ዘሃራ በለኝ።»

እስከመጨረሻው ማዘር እያለኝ ኖረ። ትቼዋለሁ። እሱ ተንኮል የለበትም፣ ችኮላ ነው ያለበት።

ሰው የሕዝብ ግንኙነት ሲባል መግለጫ መጻፍ ይመስለዋል። መግለጫ ጽፌያለሁ፤ ያነበበው ሰው ብዙ አይደለም። ሥራው ሌላ ነው። ለቅሶ መሄድ ነው፤ ያውም በኩባንያው መኪና ሳይሆን በእግር። በዱዓ ቦታ ከማን ቀጥለሽ እንደምትቀመጪ ማወቅ ነው። «ማኅበረሰቡ» የሚል ቃል ከአፍሽ ማጥፋት ነው፤ ማኅበረሰቡ የሚባል ሰው በር ላይ መጥቶ አያውቅም፣ የሚመጡት እንደ ከሊፋና ትርንጎ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። ናሆም ይህን ለመማር አንድ ከሰዓት ፈጀበት።

ፋብሪካው በርበሬ መፍጨት ሲጀምር ጎረቤቱ በሳል ተያዘ። ቅሬታ መጣ። ናሆም «የአስተያየት ሳጥን እንስቀል» አለ። «ሰው እየሳለ ወረቀት አይጽፍም፤ ተነሥ» ብዬ ከፋብሪካው በታች ወዳለ የአንዲት ሴት ቤት ወሰድኩት። ወፍጮውን እንዳያቆሙ ለሠራተኞቹ ነግሬያለሁ። ሴትዮዋ በሩንም መስኮቱንም እንደከፈተች አስቀመጠችን፣ እርጎ ሰጠችው። ነፋሱ ከዘቢዳር ተራራ በኩል ወረደ። ናሆም እርጎውን ሳይጨርስ ዓይኑ ቀላ፣ ከዚያ ማስነጠስ፣ ከዚያ መሳል።

«ጠጣ ልጄ፣ ይለምድሃል» አለችው ሴትዮዋ። «እኛም ለምደናል። ላሟ ብቻ ናት ያልለመደችው።»

«ላሟም ትስላለች እንዴ?»

«ምን፣ ላም ደረት የላትም?»

 በሳምንቱ የወፍጮ ቤቱ ዙሪያ ተዘጋ፣ የአቧራ መያዣ ታዘዘ፣ ነፋሱ ወደ ቤቶቹ ሲዞር መፍጨት ቆመ። አቶ ይልማ ሜትሩን ለሰዎቹ እንደሚያስይዝ፣ እኔም ሳሉን ለናሆም አስያዝኩት። ከዚያ በኋላ ሰው ስሜን መጥራት ጀመረ። የእናቴ መንደር ሰው ግን አልጠራኝም። እዚያ አሁንም ግሬደር ጋላቢ ነበርኩ። እናቴ በዚያ መሀል ሞተች። በራሷ ጀፎረ ላይ ሰዉ ሲያፅናናኝ፣ እጄን የያዘኝ ሁሉ ዓይኔን አያየኝም ነበር።

ሙዘይንም ከከንቲባነቱ ተነሳ። ለምን እንደተነሳ የማውቀው በወሬ ስለሆነ አልጽፈውም። ጉዳይ አስፈጻሚ ሆነ፤ ለኩባንያዎች ይላላካል። አንድ ቀን የቢሮዬን በር ከፈተ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እትዬ ዘሃራ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። የጭነት መኪኖቻችን ወደ ፋብሪካው ዙሪያ ጥምጥም እንደሚሄዱ፣ ያ የተጀመረው መንገድ እስከ ታች ቢከፈት ግን በአቋራጭ እንደሚገቡ ነገረኝ። የቀረውን የጀፎረ ግማሽ ማለቱ ነው።

«ናሆም ወዶታል» አለኝ። «የቀረው ሰዉን ማሳመን ነው። ያ ደግሞ ያንቺ ሥራ ነው።»

«እዚያ መንደር እኔን የሚሰማኝ የለም። ጀፎረ የቆረጠች ነው የምባለው።»

ሙዘይን ሳቀ። «እሱማ ጥሩ ነው እኮ እትዬ! አንዴ ስም ወጥቶብሻል፣ ሁለተኛ አይወጣብሽም።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ አረፍተ ነገር ነው። ሌላውን ምናልባት ለአላህ እተወው ነበር።

ናሆም ዘንድ ገባሁ። «በአንድ ነገር እሺ እላለሁ» አልኩት። «ሐሳቡን ሙዘይን ራሱ ያቅርብ፣ በአፉ። ጀፎረው ላይ። በአረፋ።»

«አረፋ እኮ ሩቅ ነው ማዘር። ለምን አሁን አይሆንም?»

«አሁን ያሉት ግማሾቹ ናቸው። ግማሹን ጠይቆ የቆረጠ ሰው ምን እንዳመጣ ራዲያ ጓሮ ሄደህ እይ።»

ሄዶ አየ። እስከ አረፋ ጠበቅን። ሙዘይን አልፈራም። በዚያው ሣር ላይ አንድ ጊዜ ዋሽቶ ያለፈለት ሰው ነው።

ሸንጎው በታችኛው ግማሽ ላይ ተቀመጠ፣ ሣሩ ላይ። ዱዓ ተደረገ። ሀጂ ቡሽራ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ የልጅ ልጃቸው ደግፎ አስቀመጣቸው። ናሆም ስኒከሩን አውልቆ ከወጣቶቹ ጋር ተቀመጠ። እኔ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ፤ ራዲያ አጠገቤ ናት።

ሙዘይን ጥሩ ተናገረ። መብራት፣ ሥራ፣ የልጆቻችን ዕድል እያለ። ከመርካቶ ከመጡት አንዱ፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ እጁን አነሳ።

«ይህን እንስማማ እንበል። የላይኛውን ማን ነው የቆረጠው? አጥፍቶ ሳይጠየቅ የቀረ ሰው ዳግም እንዳይቆርጥ ነው የምጠይቀው።»

«ያለፈ ነገር ነው፤ ወደፊት እንይ» አለ ሙዘይን።

«መቼ አለፈ?» አሉ ሀጂ ቡሽራ። «ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው በዚያ ይመጣል። ያን ቀን ዘሃራ ናት ብለኸናል።»

«አዎ፣ ሀጂ።»

«እንግዲያው ወላሂ ብለህ ማልና ንገረን።»

ሙዘይን ወላሂ የማይልበት ነገር የለም። ቀጠሮ ሲያረፍድ ወላሂ፣ ሻይ ጣፈጠኝ ሲል ወላሂ። ያን ቀን፣ የገዛ ዘመዶቹ ባሉበት፣ በዚያ ሣር ላይ፣ ቃሉ አልወጣለትም። ጀፎረ ላይ በሐሰት የማለ ሰው ዘሩ አይባረክም ይባላል፤ እሱም ከዚያው አገር የወጣ ነው። ሰው ጠበቀው።  በመጨረሻ አንገቱን አቀርቅሮ፣ «ግሬደሩ ሊሄድ ነበር» አለ።

ሌላ ነገር አልጠየቁትም። ራዲያ ጉልበቴን ጨበጠችው። የጨርቅ ነጋዴው ከተቀመጠበት ዞሮ በሰው መሀል ፈለገኝ፣ አይቶኝም አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሀጂ ቡሽራ «ታችኛው አይነካም፤ ላይኛውም ሣር ይመለስበት» ብለው ዱዓ አደረጉ፣ ሸንጎው ተነሣ። ናሆም በመኪናው ውስጥ «ማዘር፣ ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር?» አለኝ። «መንዳትህን ንዳ» አልኩት።

ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤቴ ድረስ ቡታጅራ መጡ። ሀጂ ቡሽራም ነበሩ። አስተናገድኳቸው፣ በሉ፣ መረቁኝ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ።

«ልጄ፣ ሙዘይን ልኮናል። ጥፋቱን አምኗል፣ የራዲያንም ጉዳት ሊክስ ተስማምቷል። አፉ በይው፣ ይቅር በይው።»

«ካሳውን ለራዲያ ይስጥ። እኔ ካሳ አልፈልግም።»

«ሙስሊም ከወንድሙ ጋር ከሦስት ቀን በላይ መኮራረፍ እንደማይገባው ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ ሀጂ።»

«ታዲያ?»

«እናቴ የሞተችው ጀፎረውን የቆረጠችው ልጄ ናት ብላ ነው። እውነቱ የወጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። እሷን ማን ይንገርልኝ?»

 ሀጂ ቡሽራ «አላህ ያግራልሽ» ብለው ተነሡ። እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኋቸው። ሽማግሌን በባዶ እጁ መመለስ በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ዘመዶቼም ነግረውኛል፣ ደጋግመው።

የኩባንያው መኪኖች ዛሬም በዙሪያው ነው የሚሄዱት። እኔ ጡረታ እስክወጣ ሥራዬን ሠራሁ፣ ወጣሁም። ባለፈው ዓመት ሙዘይን ልጁን ሲድር ጠራኝ። ሄድኩ። ሙሽራዋን መረቅሁ። ምግብ ቀረበልኝ፤ አልበላሁም። ወደ ቡታጅራ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።